ሦስት ደቂቃ ሰላምታ

የምኖርበት ሰፈር ብርድ የሚፈራ ሰፈር ነው። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሰቃ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ፀሐዩ ጣሪያውን እያጋለው እንኳ፣ አንድ ሰው መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከከፈተ ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ!» የሚል አይጠፋም። እናቴ ወገቧን ካመማት ብርድ ነው፤ ጥርሷን ካመማት ብርድ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አለመማሬን ራሱ በብርድ ታሳብባለች፤ የፈተናው ሳምንት ራሴን መቶኝ ነበርና። ስለዚህ ብርድ በገንዘብ የሚሸጥበት ቤት ሥራ ጀመርኩ ስላት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«ሰው ከፍሎ ነው ብርድ የሚመታው?»

«አዎ።»

«ወዶ?»

«ወዶ።»

«አንቺ ግን በሩ ጋ እንዳትቆሚ» አለችኝ።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በጋራዦችና በመጋዘኖች መካከል ያለ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። ፎቁ ላይ ጂምና የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ። የቅዝቃዜው ክፍል ከታች ነው። ትልቅ ቁም ሣጥን የሚያክል፣ በወፍራም በር የሚዘጋ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት ያለው ክፍል ነው። ከበሩ በላይ በቀይ የሚበራውን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ከዜሮ በታች መቶ አስር ይላል። ሰው ልብሱን አውልቆ በቁምጣ ይቀራል። ጓንት፣ ወፍራም ካልሲና የእንጨት ጫማ ያደርጋል፤ ጆሮውን ይሸፍናል፤ ይገባል። ሦስት ደቂቃ ቆሞ ይወጣል። ሯጮች የሚመጡት ከልምምድ በኋላ የደከመ እግር ቶሎ ያገግማል ብለው ነው። የጅቡቲን መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ለወገባቸው ይመጣሉ። ምንም ሳያማቸው፣ ዘና ለማለት ብቻ የሚመጡም አሉ። ያድናል አያድንም የሚለውን ለሐኪም እተዋለሁ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ሰው ፊቱን አጨማዶ ሲገባና እየሳቀ ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁበት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እየሳቀ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰፈሩ ክፍሉን «ፍሪጁ» ነው የሚለው። ጠዋት ጠዋት በጋራዦቹ በኩል ሳልፍ መካኒኮቹ ከመኪና ሥር ሆነው ይጮኹብኝ ነበር።

«እህት፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ሰው ገባ?»

«እኛንም ለሁለት ሳምንት አስቀምጪን፣ እንዳንበላሽ!»

እኔ አንገቴን ደፍቼ እርምጃዬን እጨምራለሁ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሱ የሚመጣልኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። እንዲህ ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ወደ ኋላ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር፤ ደስ ብሎኝም እሠራ ነበር። መወልወያ ወሬ አይፈልግም። ደንበኞቹን የምታስገባው ዲፕሎማ ያላት ልጅ ነበረች። እሷ አግብታ ወደ ባሏ አገር ስትሄድ፣ ኃላፊያችን ወዲያ ወዲህ ተመለከተችና መወልወያ የያዝኩትን እኔን አየች።

«አንቺ ትችያለሽ» አለችኝ።

አልችልም ማለት ፈልጌ ነበር። ግን አልችልም ለማለትም መናገር ያስፈልጋል። ዝም አልኩ፤ እሷም እሺ እንዳልኩ ቆጠረችው።

ሥራውን በሁለት ቀን አስተማረችኝ። ደንበኛው ፎቅ ላይ የደም ግፊቱን ተለክቶ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ላብ ካለው ይደርቃል፣ ቅባት ከተቀባ ይታጠባል፣ ብረት ነገር ያወልቃል፣ በባዶ ሆዱ አይገባም። መስቀሌን አላወልቅም የሚለውን መስቀሉን በጨርቅ እጠቀልልለታለሁ። ይህ ሁሉ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የመጨረሻው ነው። ሰው ውስጥ ሳለ ዝም አይባልም። ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ በማይክ ላናግረው፣ እሱም ሊመልስልኝ ይገባል።

«ማሽኑ ቅዝቃዜውን ይነግርሻል» አለችኝ ኃላፊያችን። «ሰውየው እንዴት እንደሆነ የሚነግርሽ ግን ራሱ ሰውየው ነው። ሲያወራ ደህና ነው። ከዘገየ ወይም ከተደነባበረበት በሩን ትከፍቻለሽ። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ታወሪያለሽ። የአንድ ወር ሙከራ አለሽ። ወር ሲሞላ ወይ ትቀጥያለሽ ወይ እንሰነባበታለን።»

ወደ ጽዳት መመለስ አልችልም ነበር፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ገብታለች። እኔ ደግሞ ያንን ክፍል ወድጄዋለሁ። እየሳቀ የሚወጣ ሰው ማየቱን ወድጄዋለሁ። በሦስት ደቂቃ ወሬ ምክንያት ልጣው?

የመጀመሪያው ደንበኛዬ አንድ ግዙፍ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ማይኩን ይዤ «ገቡ» አልኩት። ገብቶ እያየኝ ነው። ትንሽ ቆይቼ «ሠላሳ ሴኮንድ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ። ሠላሳ ሴኮንድ ዝም ሲሉት እንዴት እንደሚረዝም ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰውየው መስታወቱን በጓንቱ መታ መታ አደረገ።

«እህቴ! አለሽ? ረስተሽኝ ምሳ እንዳትወጪ!»

«አለሁ» አልኩት። ያ ነው ያወራሁት ሁሉ። ሲወጣ እየተንቀጠቀጠም እየሳቀም፣ «ዝዋይ ድረስ ብቻዬን ስነዳ እንኳ ከዚህ የተሻለ ወሬ አለኝ» አለ።

ኃላፊያችን ይህን ሰምታ የምጠይቀውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የየትኛው የኳስ ቡድን ደጋፊ ነህ?» የሚል ነበር። በማግሥቱ የገቡት በቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ለጠያቂዎች ምግብ የሚሸጡ አንድ እናት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቆመው ስለሚውሉ እግራቸው ያብጣል። ሊገቡ ሻሻቸውን ሲያወልቁ ራሳቸው ላይ ለጋ ቅቤ አለ።

«ብርዱን እንዲከላከልልኝ ነው» አሉኝ።

ታጥበው ይመለሱ ማለት አቃተኝ። የራሴን ፀጉር በጣቴ አሳየኋቸው።

«ምነው፣ አንቺንም ራስሽን አመመሽ?»

ፎቅ ላይ ያሉት ነግረዋቸው፣ ታጥበውና ደርቀው በሌላ ቀን ተመለሱ። አስገባኋቸውና ወረቀቴን አንስቼ አነበብኩ። «የየትኛው የኳስ ቡድን ደጋፊ ነዎት?»

እሳቸው ከውስጥ ሆነው አፍጥጠው አዩኝ። «ምን?»

ደግሜ አነበብኩ።

«ልጄ፣ በአምላክ፣ ይሄን ካልመለስኩ በሩ አይከፈትም?»

ወሩ ሊጋመስ ሲል አንድ ሽማግሌ መጡ። በፊት ፋብሪካዎቹ ሳይሠሩ እዚያው አካባቢ ያርሱ ከነበሩ ቤተሰቦች ናቸው። የላኳቸው ልጃቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ካልሲውንና ጓንቱን ሳለብሳቸው ለሠርጉ እንደሚያለብሱት ሙሽራ ጸጥ ብለው ቆሙልኝ። ገቡ። በሩን ዘግቼ ማይኩን ያዝኩ።

«አባባ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ ልጄ። እንደምን አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ?»

«ተመስገን። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ደህና። አካም ጂርታ እንላለን እኛ በኦሮምኛ። አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ቆይተዋል ካረፉ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። እናትሽስ?»

«ደህና ናት።»

«እህት ወንድሞችሽ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። የእርስዎስ ልጆች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጎረቤቱስ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ከብቱስ?»

«ከብት የለንም አባባ።»

«ዶሮስ?»

«ሁለት ዶሮ አለን።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን» እያልኩ ሳለ ማሽኑ ጮኸ። ሦስት ደቂቃ ሞላ። ሰላምታችን ገና አላለቀም ነበር።

ጺማቸው ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ይዞ ነበር። ፎጣ ስሰጣቸው ዙሪያውን ቃኙና፣ «ድሮ እዚህ ሽንብራ ስንጠብቅ ከዚህ የባሰ ብርድ ይመታን ነበር» አሉ። «ያውም በነፃ። ያውም እንዴት ነህ የሚል ሳይኖር።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሰላምታ እኮ ማንም ያውቃል። ጥያቄው የተዘጋጀ ነው፤ መልሱም የተዘጋጀ ነው፤ ብልህ መሆን፣ ማሳቅ፣ ኳስ ማወቅ አያስፈልግም። እንደኔ ያለ ዓይን አፋርም ቢሆን ሰላምታ አይከብደውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባውን ሁሉ ሰላም እል ጀመር። ከራሱ እጀምርና ወደ እናት አባት፣ ወደ እህት ወንድም፣ ወደ ልጆች፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ጎረቤት ጋ ስደርስ ሁለት ደቂቃ አልፎታል።

ሌላም ነገር ተማርኩ። ሰው ደህና ሲሆን ጥያቄዬን ሳልጨርስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ቅዝቃዜው ሲሰማው «ተመስገን» ብሎ ያሳጥራል፤ ግን በሰዓቱ ነው የሚመልሰው። መልሱ ከዘገየ ጆሮዬን እቀስራለሁ። ሰላምታ ሰው ሳያስብ የሚመልሰው ነገር ስለሆነ፣ ካሰበበት አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ደንበኞቹ ወደዱት። ያ ግዙፍ ሾፌር ሲመለስ ስለ እናቱ ጠየቅኩት። ወጥቶ የእንጨት ጫማውን ሳያወልቅ፣ ፎጣ እንደለበሰ፣ ስልኩን አንሥቶ እናቱ ጋ ደወለ። «ምንም አልሆንኩም እማዬ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሆኜ ትዝ አልሽኝ» ሲላት ሰማሁት።

ኃላፊያችን ግን አልወደደችውም።

«ይሄ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ዘመናዊ ቦታ ነው። ሰው እዚህ የሚመጣው ጉልበት ሊያገኝ ነው፤ አንቺ ስለ አክስቱ ትጠይቂዋለሽ። ነገ አንድ አሠልጣኝ ይመጣሉ። ካማራቸው ቡድናቸውን ሁሉ ያመጣሉ። ነገ ሰላምታ አልፈልግም። 'በርቺ! ጎበዝ! ትንሽ ቀረሽ!' እንደዚህ። የሙከራሽም መጨረሻ ነገ ነው፣ አደራ።»

ሌላ ነገር ባልናገርም «በርቺ»ን ማንም ይላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በልቤ እየደጋገምኩ ነበር።

አሠልጣኙ በአምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ አንገታቸው ላይ የሩጫ ሰዓት የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። ለሙከራ አንዲት ሯጭ ይዘው መጡ። ቀጭን ናት፤ በዕድሜ የእኔ እኩያ፣ ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት። ጠዋት በአቃቂ በኩል ረጅም ሮጣ ነው የመጣችው። እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደብቃ ወለሉን ታያለች። በሕይወቴ ከእኔ የበለጠ ዓይን አፋር ያየሁት ያን ቀን ነው። ግፊቷን ተለክታ ወረደች፤ ደህና ነው። እንደ ደንቡ «ምግብ በልተሻል?» አልኳት። አሠልጣኙ ከአጠገቧ ሆነው፣ «ሁሉ ነገር ተሟልቷል፣ እንጀምር» አሉ። እሷ ዝም አለች። ዝምታን እሺ ማለት ነው ብለው የሚወስዱ ሰዎች እንዳሉ እኔ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ፤ ግን አለፍኩት።

ገባች። አሠልጣኙ ሰዓታቸውን ተጫኑ። ኃላፊያችን ከጎኔ ቆመች።

«በርቺ!» አልኩ በማይኩ።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ጎበዝ!»

ነቀነቀች። ኃላፊያችን ፈገግ አለችልኝ።

ለእኔ ግን ምንም አልታየኝም። «በርቺ» መልስ አይፈልግም። ራሷን የምትነቀንቀው ደህና ሆና ይሁን ተንቀጥቅጣ መለየት አልቻልኩም። ኃላፊያችን አለች፣ አሠልጣኙ አሉ፣ የሙከራዬ መጨረሻ ቀን ነው። ወደ ማይኩ ጎንበስ አልኩ።

«እንደምን አደርሽ?» አልኳት።

ኃላፊያችን ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን ወዲያው መጣ።

«እናትሽ ደህና ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አባትሽስ?»

«ተመስገን።»

«ታላላቆችሽ?»

ቆየች። «ተመስገን።»

«ታናናሾችሽስ?»

መልስ የለም። መስታወቱን ታየዋለች፤ እኔን ግን አታየኝም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እናቴ ደህና ናት» አለች።

እናቷን አስቀድሜ ጠይቄያት ነበር።

በሩን ከፈትኩ። ሰዓቱ ገና አንድ ደቂቃ ከግማሽ ነው። በሁለት እጄ ብብቷን ይዤ ሳወጣት ጉልበቷ ከዳት። ከዚያ ከአፌ የወጣውን ድምፅ እኔም አላውቀውም።

«አንተ! ምን ቆመህ ታያለህ? ወንበር አምጣ!»

ወንበር ያመጡት አሠልጣኙ ናቸው። አስቀመጥናት፤ በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት። ኃላፊያችን ሳትጠየቅ ሮጣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዛ መጣች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ፉት ስትል ዓይኖቿ ተመለሱ።

«ሦስት ደቂቃ አልሞላም» አሉ አሠልጣኙ፣ ግራ ገብቷቸው። «ምን አየሽና ነው? ዝም ብላ ቆማ አልነበር?»

«እናቷን ሁለቴ መለሰችልኝ» አልኩ።

ማንም አልገባውም። ተቃጥዬ የምሞት እስኪመስለኝ ፊቴ እየነደደ አስረዳሁ፤ ሰላምታ ሰው ሳያስብ እንደሚመልስ፣ መልሱ ሲዘገይ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስለ ታናናሾቿ ስጠይቃት ስለ እናቷ እንደነገረችኝ። በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ረጅም ንግግር አድርጌ አላውቅም።

ልጅቷ ወደ ሻይዋ እያየች፣ «አልበላሁም» አለች።

«ከመቼ?» አሉ አሠልጣኙ።

«ከትናንት ማታ። ውኃም አልጠጣሁ።»

«ያን ሁሉ ሮጠሽ? ለምን?»

«በልቶ ይገባል እንዴ? ጠበል አይደል?»

አሠልጣኙ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ቀዝቃዛ ነገር አለ፣ ገብተሽ ቆመሽ ትወጫለሽ፣ እግርሽ ይድናል ያልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ምን ይመስላታል?» መጀመሪያ የሳቀችው ኃላፊያችን ናት። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ልጅቷም በብርድ ልብሱ ፊቷን ሸፍና።

ዳቦ ከጎረቤት ሱቅ አስመጣንላት። ግማሹን ከበላች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ እንደምን አደርሽ?» አለችኝ። «እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እህት ወንድሞችሽስ?»

ተራ በተራ ጠየቀችኝ፣ ተራ በተራ መለስኩላት። አሠልጣኙ እስክንጨርስ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ወደ ኃላፊያችን ዞረው፣ «ከነገ ወዲያ ስምንቱንም ሯጮቼን አመጣለሁ» አሉ፤ «መስታወቱ ጋ ግን ይቺ ልጅ ትቁም።» ለእኔ ደግሞ እየወጡ፣ «ብቻ ሁለተኛ አንተ እንዳትይኝ፣ ልጆቼ ሊያገቡ ነው» አሉኝ። ያኔ ነው ምን እንዳልኳቸው የገባኝ። አጸዳው የነበረው ወለል ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ከመውጣቴ በፊት ኃላፊያችን የቅጥር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። «ሰላምታውን ለሌሎቹም ተረኞች ታስተምሪያለሽ» አለች፤ ክንዴን የቆነጠጠችበትን ቦታ እያሸችልኝ። ፈረምኩ።

በቀጠሮው ቀን ስምንቱም መጡ። ማንንም ሳልጠይቅ አሠልጣኙ በር ላይ ቆመው የበሉትን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፤ ይቺ ገንፎ፣ ይሄ ዳቦ በሻይ፣ ይሄኛው ሁለት ሳህን ፍርፍር በልቶ መራመድ አቅቶታል። ያቺ ቀጭኗ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ከቦርሳዋ የተገመጠ ዳቦ አውጥታ እንደ መታወቂያ አሳየችኝ። ካልሲዋን አረጋገጥኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ወደ ማይኩ ጎንበስ ብዬ ከእናቷ ጀመርኩ።